አጠገቡ ቆሞ ለምን አይሰማም?

ይህን ያስጻፈኝ በአማርኛ መምህራን መካከል የተነሳ ክርክር ነው። የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ሆነው ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ተውኔትን እንዴት ይማሩ? አንደኛው ወገን «ገቢር፣ ትዕይንት፣ ቃለ ተውኔት የሚሉትን በአጭር በአጭሩ እናስጨብጣቸው፤ ፈተናውም ከዚህ አያልፍም፤ መድረኩ ይቅርባቸው» አለ። ሌላው ወገን መድረኩን ከነሳናቸው ምኑን አስተማርናቸው ባይ ነው። ልቤ ከእነዚህኞቹ ጋር ነው፤ ምክንያታቸው ግን እንደጠበቅኩት ጽኑ ሆኖ አላገኘሁትም።

የመድረክን ወግ ማወቅና የወጉ ተካፋይ መሆን ይለያያሉ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን የሼክስፒርን «ኦቴሎ» እናንሳ። ሁለተኛው ገቢር ላይ፣ ቆጵሮስ ደሴት፣ ካሲዮ የዴዝዴሞናን እጅ ይዞ ሲያወራ ኢያጎ እዚያው ቆሞ በዚህችው ትንሽ ነገር እንዴት አድርጎ እንደሚያጠምደው ለተመልካቹ ይናገራል። ካሲዮ ያለው ጥቂት እርምጃ ርቆ ነው፤ ግን አይሰማም። የዚህን ንግግር ስምና ትርጉም መሸምደድ አንድ ነገር ነው፤ ካሲዮን ሆኖ ቆሞ፣ እየሰሙ እንዳልሰሙ መሆን ሌላ። «አጠገቡ ቆሞ ለምን አይሰማም?» የሚል ተማሪ «ትምህርቱ አልገባውም» ይባላል። እኔ ግን ወጉን ወግ መሆኑን ያየው እሱ ነው እላለሁ። ሌሎቻችን ከቴሌቪዥን ድራማ ለምደነው ሳናየው አልፈናል።

ስለዚህ ጨዋታው ይቅደም፣ ስሙ ይከተል ባይ ነበርኩ። እንቆቅልሽን ማን አስተማረን? «ሀገር ስጠኝ» ሲባል ጎንደርን የሰጠ ልጅ ጎንደር የእሱ እንዳልሆነች ያውቃል፤ ተቀባዩም ያውቃል፤ ሆኖም ሰጪው ሰጥቷል፣ ተቀባዩም ተቀብሏል። ደንቡን ማንም በሰሌዳ ላይ አልጻፈልንም።

በዚህ ላይ አንዲት የልዩ ፍላጎት መምህርት ያነሳችው ተቃውሞ እስካሁን አለቀቀኝም። «ያ ልጅ እንቆቅልሹን የተማረው የቤቱን ጨዋታ እየሰማ ነው» አለች። መስማት የተሳነው፣ ቤቱ ውስጥም የምልክት ቋንቋ የሚችል ሰው የሌለው ልጅ ከዚያ ጨዋታ ውጪ አድጓል። ኦቲዝም ካለባቸው ተማሪዎች መካከልም ያልተነገረ ደንብ መገመት የሚያስጨንቃቸው፣ በግልጽ ሲነገራቸው የሚረጋጉ አሉ። ለእነዚህ ልጆች «በጨዋታው ይምጣላችሁ» ማለት ሳይነገራቸው እንዲያውቁ መጠየቅ ነው። እኔ ነፃነት ያልኩት ነገር ለካስ ደንቡን ቀድሞ ለሚያውቅ ብቻ ነፃነት ነው።

ይህን ከተቀበልኩ ክርክሬ ይጠብባል። ደንቡ አስቀድሞ፣ በቀጥታ ይነገር፤ ግን ሊሠሩበት ይነገር። «ኢያጎ ወደ ተመልካቹ ሲዞር አንተ እንደማይሰማ ሰው ሁን፤ ተመልካቹም እንደምትሰማ ያውቃል፣ ይስማማልሃል» ብንለው ተማሪው የሚሠራው ነገር አገኘ። የምቃወመው ተጽፎ፣ ተሸምድዶ፣ ለፈተና ተመልሶ የሚቀረውን ትርጓሜ ብቻ ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ይኸው ትዕይንት በምልክት ቋንቋ ሲሠራ አስቡት። ኢያጎ እጆቹን ወደ ተመልካቹ አዙሮ ይናገራል፤ ካሲዮ ጀርባውን ሰጥቷል። በዚህ ቋንቋ ያላየ አልሰማም፤ ካሲዮ የሚያስመስለው ነገር የለም፣ በእርግጥም ምንም አልደረሰውም። መስማት ለተሳነው ተማሪ ይህ ማብራሪያ የማያሻው ነገር ነው፤ እንዲያውም ድምፅ ባለው መድረክ ላይ ከሚሆነው ይበልጥ ምክንያት አለው።

ግን የወጉ ተካፋይ መሆን እየሰሙ እንዳልሰሙ መሆን ነው ብዬ ነበር። ይህ ተማሪ ምንም አላስመሰለም። ወጉ በተዋናዩና በተመልካቹ መካከል ስለተሰወረው ነገር ያለ ስምምነት ብቻ ከሆነ ተካፋይ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ያደነቅኩት ጥያቄ፣ «ለምን አይሰማም?» የሚለው፣ ከነጭራሹ አይነሳም። ካሲዮ ፊቱን ወደ ኢያጎ እጆች አዙሮ፣ ዓይኑን ገልጦ እያየ እንዳላየ እንዲሆን ብናደርግስ? ከሚሰሙት ልጆች ሥራ የከበደ ሥራ ይሆናል፤ ክፍል ውስጥ ሲሞከር ባይ እወዳለሁ። ይህን ሳደርግ የመድረክን ወግ ማስተማሬ ይሁን የሚሰሙ ሰዎችን ልማድ በማይሰማ ልጅ ላይ መጫኔ፣ ገና አልለየሁትም።