ልብን ከፍቶ ማየት ይቻላልን?

አንዲት የ23 ዓመት ወጣት እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ2005 በመኪና አደጋ አንጎሏ ክፉኛ ተጎዳ (በዚህ ጽሁፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከኮማ ወጥታ ዓይኗ ተገለጠ፤ ቀን ትነቃለች፣ ሌሊት ትተኛለች። ሆኖም ሲጠሯት አትመልስም፤ እጅሽን አንሺ ሲሏት አታነሳም። ሐኪሞች በሚያውቁት መመዘኛ ሁሉ መርምረው፣ በሕይወት ብትኖርም ራሷንም ሆነ አካባቢዋን የማወቅ ምልክት እንደሌላት ደመደሙ።

ከአደጋው አምስት ወር በኋላ ግን አድሪያን ኦወን የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ ኤም.አር.አይ በሚባለው መሣሪያ ውስጥ አስተኝተዋት ሁለት ነገሮችን እንድታስብ ጠየቋት። አንድ ጊዜ ቴኒስ እየተጫወተች እንደሆነ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በገዛ ቤቷ ከክፍል ወደ ክፍል እየተዘዋወረች እንደሆነ እንድታስብ ነበር። ቴኒስ ሲሏት እንቅስቃሴን የሚያቅደው የአንጎሏ ክፍል ሥራ ጀመረ። ቤትሽን ሲሏት ደግሞ ቦታንና አቅጣጫን የሚለዩት ክፍሎች ነቁ። ምስሉ ከጤነኛ ሰዎች ምስል የሚለይ አልነበረም። ውጤቱ በ2006 በታወቀው የሳይንስ መጽሔት ሲታተም ብዙዎች ደነገጡ። ምንም አታውቅም የተባለችው ወጣት ለካስ የሚባለውን ትሰማ ኖሯል!

ለመሆኑ ይህ መሣሪያ የሚያየው ምንድን ነው? የሰውን ሐሳብ ነውን? ጥያቄው ለሐኪሞች ብቻ የሚተው አይደለም። ስለ ሌላ ሰው ውስጥ ምን ያህል ማወቅ እንደምንችል፣ ከዚያም አልፎ ምን ያህል የማወቅ መብት እንዳለን የሚጠይቅ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነውና።

አሠራሩን በአጭሩ እንመልከት። ኤም.አር.አይ በኃይለኛ ማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ይሠራል፤ እንደ ራጅ ጨረር አይጠቀምም። በ1990 ሴይጂ ኦጋዋ የተባለው ጃፓናዊ ሳይንቲስት አሜሪካ በሚገኘው ቤል ላቦራቶሪ ሆኖ ባልደረቦቹን ይዞ አንድ ነገር አሳየ። ኦክስጅን የተሸከመ ደምና ያልተሸከመ ደም በማግኔት ፊት ጠባያቸው ይለያያልና ይህን ልዩነት በምስል ማንሳት ይቻላል። የሚሠራ የአንጎል ክፍል ደግሞ ደም ይጎርፍለታል። በ1992 ዘዴው በሰው ላይ ተሞክሮ ተሳካ። እንግዲህ መሣሪያው የሚያየው ሐሳቡን ሳይሆን ሐሳቡን ተከትሎ የሚመጣውን ደም ነው። ደሙ ደግሞ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፤ እስኪበረታ ድረስ አምስት ስድስት ሰከንድ ያልፋል።

ነገሩ ከሩቅ ኮረብታ ላይ ቆሞ መንደርን እንደሚመለከት ሰው ነው። ከየትኛው ቤት ጭስ እንደሚወጣ ያያል፤ ስለዚህ እዚያ ቤት እሳት መንደዱን ያውቃል። የተጣደው ወጥ ምን እንደሆነ፣ ለማን እንደሚቀርብ ግን ጭሱ አይነግረውም።

አሁን አሁን ተመልካቹ ወደ መንደሩ እየቀረበ ነው። በየሆስፒታሉ የሚገኙት መሣሪያዎች የማግኔት ጉልበታቸው በአብዛኛው 1.5 ወይም 3 ቴስላ ነው። በ2017 የአሜሪካ መንግሥት 7 ቴስላ ያለው መሣሪያ ለሕክምና እንዲውል ፈቀደ። ከፓሪስ አቅራቢያ በሳክሌ የሚገኘው የፈረንሳይ የምርምር ማዕከል ደግሞ ክብደቱ 132 ቶን በሆነ፣ 11.7 ቴስላ ጉልበት ባለው ማግኔት ያነሳቸውን የመጀመሪያ የሰው አንጎል ምስሎች በሚያዝያ 2024 ይፋ አደረገ። በአራት ደቂቃ ውስጥ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ የሆነ ነጥብ ለይቶ ያሳያል። እነዚህ ምስሎች የአንጎልን ቅርጽ የሚያሳዩ ናቸው። የአንጎልን ሥራ በማጥናት በኩል ደግሞ ባለ 7 ቴስላዎቹ አስደናቂ ደረጃ ላይ ደርሰዋል። የአንጎል የላይኛው ሽፋን ውፍረቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆኖ ስድስት ንብርብሮች አሉት። ተመራማሪዎች ዛሬ ከላይኛው ንብርብርና ከታችኛው የትኛው እየሠራ እንደሆነ መለየት ጀምረዋል። ይህም ወደ አንድ ክፍል የሚገባውን መልእክት ከዚያ ከሚወጣው ለመለየት ይረዳል። በምሳሌያችን ብንናገር፣ ጭሱ ከየትኛው ቤት ብቻ ሳይሆን ከየትኛው ጉልቻ እንደሚነሳ መታየት ጀምሯል ማለት ነው።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ምስሉ በጠራ ቁጥር ያየነውን ነገር የሰውየው እውነት አድርገን የመውሰዳችን ፈተና እየበረታ መሄዱ ነው። በ2009 ክሬግ ቤኔት የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ የሞተ ዓሣ መሣሪያው ውስጥ አስገብቶ የሰዎች ፎቶግራፍ አሳየው። አስፈላጊው የሂሳብ ጥንቃቄ ሳይደረግ ውጤቱ ሲሰላ የሞተው ዓሣ አንጎል «ሲያስብ» ታየ! ተመራማሪዎቹ ይህን ያደረጉት ሙያ ባልደረቦቻቸውን ለማስጠንቀቅ ነበር። በ2020 ደግሞ ለ70 የተመራማሪ ቡድኖች አንድ ዓይነት መረጃ ተሰጥቷቸው ተመሳሳይ ጥያቄዎች ቢቀርቡላቸው መልሳቸው ተለያየ።

ይህ ሁሉ እየታወቀ መሣሪያውን ውሸት ለማጋለጥ እንጠቀምበት የሚሉ ድርጅቶች ተነስተዋል። በ2010 በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት አንድ ተከሳሽ እውነት መናገሩን የአንጎሉ ምስል ያረጋግጥልኛል ብሎ ለፌዴራል ፍርድ ቤት ሲያቀርብ ማስረጃው ውድቅ ተደረገ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2012 ውሳኔውን አጸና። ዳኞቹ ደግ አደረጉ! ነገር ግን መሣሪያው ገና ስለሆነ ብቻ ነው ወይስ በመርህ ነው የምንቃወመው? ነገ ቢሻሻልስ?

ነገ ደግሞ ሩቅ አይደለም። በ2023 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ እነ አሌክሳንደር ሁት ሰዎች የሚያዳምጡትን ታሪክ ከአንጎል ምስላቸው ተነስተው በግርድፉ በቃላት ማስቀመጥ ችለዋል። ለዚህ ግን እያንዳንዱ ተሳታፊ መሣሪያው ውስጥ ተኝቶ አሥራ ስድስት ሰዓት ያህል ማዳመጥ ነበረበት። በአንዱ ሰው አንጎል የሠለጠነው ስልት በሌላው ላይ አልሠራም። ሰውየው በልቡ ሌላ ነገር በማሰብ ሲቃወምም ስልቱ ከሸፈ። የሰው ልጅ ገና የውስጡ በር ቁልፍ በእጁ ነው ማለት ነው።

የዚህ ጽሁፍ አቅራቢ እምነት መሣሪያው ቢሻሻልም ቁልፉ ከባለቤቱ እጅ መውጣት የለበትም የሚል ነው። አንድ ሰው ክፉ ሐሳብ መጣለትና አባረረው እንበል። ምስሉ መምጣቱን ሊያሳይ ይችላል፤ ባልፈጸመው ነገር ሊፈረድበት ይገባልን? ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ሶደቃ ሰጡ፤ አንዱ ለአላህ፣ ሌላው ለይዩልኝ። ኒያቸውን የትኛው ንብርብር ይነግረናል? የኡሳማ ኢብኑ ዘይድን ታሪክ የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው። በጦር ሜዳ ሸሃዳ የተናገረን ሰው ፈርቶ ነው ያለው ብሎ ገደለው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አጥብቀው የወቀሱት የሰውየውን ልብ ከፍቶ ያላየ ሆኖ ሳለ በልቡ ላይ በመፍረዱ ነበር። ዛሬ ልብን ከፍተን የምናይ የሚመስለን ከሆነ ወቀሳው ይበልጥ ይመለከተናል እንጂ አይቀርልንም።

እዚህ ላይ ግን ወደዚያች ወጣት እንመለስ። መሣሪያው እሷን አልሰለላትም፤ ልትናገር እድል ሰጣት። በ2010 በታተመ ሌላ ጥናት ከ54 በሽተኞች አምስቱ ሲታዘዙ አንጎላቸው መልስ ሰጥቷል። ከእነሱ አንዱ «አዎ» ለማለት ቴኒስን፣ «አይደለም» ለማለት ቤቱን በማሰብ ከስድስት ጥያቄዎች አምስቱን በትክክል መለሰ። በ2024 የወጣ ሰፊ ጥናት ደግሞ በአካላቸው ምንም ምላሽ ከማይሰጡ 241 በሽተኞች መካከል 60ው፣ ማለትም ከአራት አንዱ፣ በአንጎላቸው ምላሽ መስጠታቸውን በኤም.አር.አይና በአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ አረጋግጧል።

እንግዲህ ይህ መሣሪያ ካስተማረን ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ስለ ሰው ውስጥ በልበ ሙሉነት የፈረድነው ፍርድ ስንት ጊዜ ስህተት እንደነበር አሳይቶናል። «ምንም የለውም» ስንል ነበረው። ስለዚህ «ውስጡ ያለው ይህ ነው» ስንልም እንዲሁ ልንፈራ ይገባል።

ትምህርቱን ለመቀበል ደግሞ ባለ 132 ቶን ማግኔት አያስፈልገንም። በሽተኛ ልንዘይር ሄደን በአልጋው ዙሪያ ቆመን «እሱማ አይሰማም» እየተባባልን ስለ ሞቱ፣ ስለ ውርሱ፣ ስለ ልጆቹ ጠብ የምናወራ ስንቶቻችን ነን? ከእንግዲህ ቀረብ ብለን በስሙ እንጥራው፤ ሰላም እንበለው፤ ማን እንደመጣ እንንገረው፤ ዱዓችንንም በጆሮው እናሰማው። ባይሰማ ምንም አልጎደለብንም። ቢሰማስ?