የዓይን ምስክር ዕዳ

በጦርነት የተካፈለ ሰው ኋላ ብዕር ጨብጦ የዘመኑን ታሪክ ሲጽፍ፥ ምስክር ነው ወይስ ባለጉዳይ? በዳኝነት ሥርዓት ባለጉዳይ ለራሱ አይመሰክርም። ታሪክ ግን ከባለጉዳዮች በቀር ሌላ የዓይን ምስክር የሚያገኝበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ለዚህ ጥያቄ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሕይወት ጥሩ መመርመሪያ ነው። በ1876 ዓ.ም. ተወልደው በራስ መኰንን ቤት ያደጉት እኚህ ሰው፥ በ1888 ዓ.ም. ከራስ መኰንን ጦር ጋር አድዋ ሲደርሱ ገና ልጅ ነበሩ። ከድሉ በኋላ ወደ ሩሲያ ተሻግረው የመድፈኛነት ትምህርት ተማሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰው «ፋቡላ»ን በመድረስ ለአማርኛ ቴአትር ፋና ወጊ ሆኑ፤ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አረቀቁ፤ ኢጣሊያ ለወረራ በተዘጋጀችበት ወቅት ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ስለ ኢትዮጵያ ተሟገቱ። የጨርጨር ገዥ በነበሩበት ጊዜም ዛሬ ጭሮ የምትባለውን አሰበ ተፈሪን ቈረቈሩ። ከረዥም ስደት ሲመለሱ በሂርና በእርሻ ኖሩ። በ1969 ዓ.ም. ሲያርፉ የሕይወት ታሪካቸው በእጅ ጽሑፍ ነበር፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሞ ለአንባቢ የደረሰው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

በጦር ሜዳ የተገኘ ልጅ የአዛዦችን ምክር አያውቅም። አዛዡ በሪፖርቱ የማይጽፈውን ግን፥ የሰልፈኛውን ጥማት፥ የቁስለኛውን ጣር፥ የደጀኑን ትርምስ ያያል። ስለዚህ የምስክርነት ዋጋ በማዕረግ ከፍታ አይለካም። በአንጻሩ፥ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ተክለ ሐዋርያት ከእንቅስቃሴው ተሳታፊዎች አንዱ ነበሩ። ስለዚያ ጊዜ የሚሰጡት ቃል የአንድ ወገን ቃል ነው። ታዲያ ይጣል? አይጣልም። ወገንተኝነት በራሱ ውሸት አይደለም፤ ወደ ውሸት የሚያደርሰው ሲሸሸግ ነው። መድፈኛ ከመተኰሱ በፊት ራሱ የቆመበትን ስፍራ ለይቶ ርቀቱን ይለካል። ጸሐፊም «የቆምሁት እዚህ ነበር» ያለ እንደ ሆነ፥ አንባቢ ቃሉን መዝኖ ሊቀበል፥ ከሌላውም አስተያይቶ ሊያርም ይችላል። ዝም ብሎ የሞተ ምስክር ግን አይታረምም።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ነገር አለ። የከተማይቱ ቈርቋሪ ብዕር ነበራቸው፤ ድንጋይ የፈለጠው፥ መንገድ የጠረገው፥ ግብር የከፈለው ሕዝብ ግን ብዕር አልነበረውም። የአንድ ገዥ ትዝታ ምንም ያህል ቅን ቢሆን የጨርጨርን ገበሬ ትዝታ አይተካም። የገበሬው ታሪክ በአፋን ኦሮሞ፥ በሽማግሌዎች አንደበትና በዜማ የተቀመጠ ነው፤ ያልተጻፈ መዝገብ ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ዕዳው እንግዲህ የተናጋሪው ብቻ አይደለም፤ የጠያቂውም ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሐረርጌ ምድር በተደረገው ጦርነት የተሰለፉት ዛሬ ሸምግለዋል። በጭሮ፥ በበዴሳ፥ በገለምሶና በሚኤሶ የሚያስተምር መምህር፥ ድርሰት የሚያዘጋጅም የኪነ ጥበብ ሰው፥ ደብተር ይዞ ወደ እነርሱ ሊሄድ ይገባዋል። የተዋጋውን ብቻ ሳይሆን ያረሰውንም፥ የተፈናቀለችውንም ይጠይቅ። ጥያቄውም ሦስት ይሁን፤ ምን አዩ? የት ሆነው አዩ? ከሌላ የሰሙትስ የቱ ነው? እነዚህን ሦስቱን ለይቶ የሚያስቀምጥ ጽሑፍ፥ ባለቤቱ ወታደርም ይሁን ገበሬ፥ ለመጪው ትውልድ የታመነ ምስክር ይሆናል።