ዘፈን ስንት ጊዜ ይወለዳል?

ሰው ዕድሜውን ሲደብቅ እንስቃለን። ለጡረታም ይሁን ለትዳር ብሎ ከልደቱ ላይ አምስት ዓመት የቀነሰ ሰው ያን ያህል የሚጎዳው ወገን ያለ አይመስለንም። የዘፈን ዕድሜ ሲቀነስስ? ጥያቄው በመጀመሪያ ሲሰማ ቀልድ ይመስላል። ዘፈን ጡረታ አይወጣ፣ ሽማግሌ አይልክ! እኔ ግን ጉዳዩ ከቀልድ አልፎ የእውነትና የሐሰት ጉዳይ ነው ባይ ነኝ።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። በሸክላና በካሴት ዘመን የአንድ ሥራ መውጫ ቀን በእጅ የሚዳሰስ ነበር። ታትሞ ሙዚቃ ቤት ሲደርስ “ወጣ” ይባላል። ሽፋኑ ላይ የሰፈረውን ዓመት፣ ሸክላው ገዢው ቤት ከገባ በኋላ ማንም ተከታትሎ ሊያርመው አይችልም። ዛሬ ሙዚቃ በኢንተርኔት ሲሰራጭ ግን ቀን ማለት ቅጽ ላይ የሚሞላ ቁጥር ነው። ዘፋኙ ወይም አሳታሚው ሥራውን ለአከፋፋይ ይልካል፤ አከፋፋዩም እንደ ስፖቲፋይና አፕል ሙዚቃ ላሉት ያደርሳል። ቅጹ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቀን ይጠይቃል። አንዱ ሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመበት፣ ሌላው በኢንተርኔት ለአድማጭ የሚከፈትበት ነው። ሁለተኛውን ብቻ አስቦ የመጀመሪያውን መርሳት ቀላል ነው። አንዳንዱ ደግሞ ሳይረሳ ሆን ብሎ ያደርገዋል። የቆየውን ሥራ አውርዶ፣ የዛሬን ቀን ሰጥቶ እንደገና ይጭነዋል፤ ከአዳዲስ ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ ይገባለታልና።

ለመሆኑ ቀን መቀየር ሁሉ ኃጢአት ነውን? አይመስለኝም። ሥራው ሳይወጣ በፊት የሚነገር ቀን ቃል ነው፤ ከወጣ በኋላ የሚጻፍ ቀን ግን ምስክር ነው። ሁለቱ በአንድ ሕግ አይዳኙም።

ቃሉን እናስቀድም። “ለፋሲካ ይደርሳል” ተብሎ ለእንቁጣጣሽ የተሻገረ ካሴት ለእኛ እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን “የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ” ሲሉ የቃልን ክብደት አሳይተዋል። ይሁንና ቃል የሰጠ ሰው፣ ቃሉን የሰጣቸውን ሰዎች ይቅርታ ጠይቆ ቀኑን ሊገፋው ይችላል። ያልበሰለውን ሥራ አቆይቶ የበሰለውን ያቀረበ ሙዚቀኛ ቢመሰገን እንጂ አይወቀስም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 10 ቀን 2015 የዓለም ሙዚቃ አሳታሚዎች ተስማምተው አዲስ ሥራ የሚወጣበትን ዕለት ዓርብ አድርገዋል። ከዚያ በፊት አሜሪካ ማክሰኞ፣ እንግሊዝ ሰኞ፣ ጀርመን ደግሞ ዓርብ ነበር። በዚህ ለውጥ ማንም አልዋሸም። ያልመጣ ቀን የጋራችን ነውና ተነጋግረን ልናደላድለው እንችላለን።

ያለፈ ቀን ግን እንዲህ አይደለም። ከቤታችን ምሳሌ ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የሸክላ ማሳተሚያውን ሲከፍት፣ ሸክላ የማሳተሙ መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር የተሰጠ ነበር። አምሃ አዋጁን ተጋፍቶ ነው ያሳተመው። የእነዚያ ሸክላዎች ዓመት እንግዲህ የአንድን ሰው ድፍረት ይመሰክራል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ እነዚህንና ሌሎች የዘመኑን ሥራዎች “ኢትዮፒክስ” በሚል ተከታታይ ርዕስ ለዓለም አቅርቧቸዋል። በ1998 የወጣው የሙላቱ አስታጥቄ አራተኛ ቅጽ፣ ሥራዎቹ ከ1969 እስከ 1974 ያሉ መሆናቸውን በርዕሱ ላይ በግልጽ ጽፏል። ይህ ንጹሕ አሠራር ነው። ችግሩ የሚመጣው አንዱ ዘፈን ከሽፋኑ ተነጥሎ ብቻውን ሲዞርና አጠገቡ 1998 የሚል ቁጥር ብቻ ሲቀር ነው። የማሕሙድ አሕመድ “ኧረ መላ መላ”ም በ1975 አዲስ አበባ ላይ በካይፋ ታትሞ፣ በ1986 ቤልጅግ ውስጥ እንደገና የወጣ ሥራ ነው። ሁለተኛውን ዓመት ብቻ ያየ ወጣት ምን ይላል? ሙዚቀኞቻችን ከእነርሱ በኋላ ከመጡት የተማሩ፣ መንገድ ጠራጊው ተከታይ ሊመስሉት ይችላሉ። ቀኑ ሲለወጥ ታላቅና ታናሽ ቦታ ተለዋወጡ ማለት ነው። ከማን ተቀዳ፣ ማን ቀደመ የሚለው ክርክር የሚዳኘው በዚህች ቁጥር ነው። በዚያ ላይ የራሳችን የዘመን አቆጣጠር አለ። አንድ ሰው የእኛን 1967 ሳይመነዝር እንዳለ ቢሞላው ዘፈኑ ሳያረጅ ያረጃል። ያኛው ቢያሳንስ ይኸኛው ያስረጃል፤ ሁለቱም ግን የሐሰት ምስክር ናቸው።

“መለያ ቁጥሩ እውነቱን ያወጣዋል” የሚል አይጠፋም። አይ.ኤስ.አር.ሲ. የሚባለው የቀረጻ መለያ በውስጡ የዓመት አሃዞች አሉት፤ የሚያሳዩት ግን መለያው የተሰጠበትን ዓመት እንጂ ዘፈኑ የተቀዳበትን አይደለም። የሃምሳ ዓመት ሸክላ ዘንድሮ መለያ ቢሰጠው የዘንድሮን ዓመት ይይዛል። መኪናው አይዋሽም፤ የነገሩትን ነው የሚደግመው።

የሚከብደኝ ሌላው ተቃውሞ ነው። “በካሴት ዘመን የደከመው ሙዚቀኛ ምን አገኘ? ቅጂው ገበያውን ሲያጥለቀልቅ ማን ደረሰለት? ዛሬ የድሮ ሥራውን አዲስ ነው ብሎ አቅርቦ ዳቦ ቢበላበት ምን አለበት? ላልሰማ ጆሮ ደግሞ ሁሉም ዘፈን አዲስ ነው።” ይህን የሚለው ሰው ልቡ ርኅሩኅ ነው፤ እኔም የሙዚቀኛውን ዳቦ አልቃወምም። ነገር ግን አዲስነቱ የጆሮው ነው፤ ቀኑ የሥራው ነው። ለዳቦው ሲባል ቀኑን መስረቅ አያስፈልግም። ለዚህ ማስረጃ አለ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ሳይታተም የቀረ ቀረጻ ጥበቃውን ያጣል። በ2013 ማብቂያ ላይ የቢትልሶች 59 ያልታተሙ ቀረጻዎች በአፕል መደብር በኩል ወጡ። ብዙ ታዛቢዎች ምክንያቱ ይኸው ሕግ ነው ብለዋል። ጥቅም ፍለጋ ነበር እንበል። ቢሆንም ርዕሱ ላይ 1963 የሚለውን ጽፈውበታል። ገበያ ወጥቶ መሸጥና እውነቱን መናገር አብረው ይሄዳሉ ማለት ነው። ድምፁን አጥርቶ እንደገና ያወጣ ሰውም የድካሙ ቀን ይገባዋል፤ ከመጀመሪያው ቀን ጎን ይጻፍለት። ያለፈ ቀን ላይ መጨመር እንጂ መፋቅ አይገባም።

መፋቅ ለእኛ አዲስ አይደለም። በጥንት የብራና መጻሕፍቶቻችን ላይ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የኋለኛው ሲጻፍበት ይታያል። ብራና ግን ቆዳ ነው። የተፋቀው ቦታ ይሳሳል፣ የቀለሙ ጥላ ይቀራል፤ ወደ ብርሃን ያዞረው ሰው “እዚህ ሌላ ስም ነበር” ይላል። በኮምፒውተር ላይ የተለወጠ ቀን ለአድማጩ ዓይን እንዲህ ያለ ጠባሳ አይተውለትም። ድሮ ብራናው ራሱ ይመሰክር ነበር፤ አሁን የመመስከሩ ሸክም ሙሉ በሙሉ በጸሐፊው ኅሊና ላይ ወድቋል።

ስለዚህ የአባቱን፣ የመምህሩን ወይም የራሱን የድሮ ሥራ ለዓለም ለማድረስ ቅጹን የሚሞላ ሁሉ፣ የመጀመሪያዋ ባዶ ቦታ ላይ ሲደርስ ትንሽ ቢያስብ ደግ ነው። የቆየውን ሸክላ ፈልጎ ዓመቱን ማየት፣ አቆጣጠሩን መመንዘር፣ በሕይወት ያሉትን ሙዚቀኞች መጠየቅ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ያን ቀን ከቆጠብን የምንሸጠው ሙዚቃ የእኛ ቢሆንም፣ የሚጠፋው ታሪክ ግን የሌሎችም ነው።