ነጋሪት ጎሳሚውና ሦስቱ ነጋዴዎች

ዙሪያውን በተራራ በተከበበ አንድ አገር ነጋሪት ጎሳሚ ነበረ። ሥራው ድግስ መደገስ አልነበረም፤ እህል ማደልም አልነበረም። ካልታሰበ ስፍራ መልካም ነገር ሲገኝ ነጋሪቱን መጎሰም ብቻ ነበር። ነጋሪቱ ሲጎሰም የአገሩ ሰው ያለበትን ትቶ መልካሙ ነገር የመጣበትን መንገድ ልብ ይላል፤ በሌላ ቀንም እግሩ ወደዚያው ያመራል። ምንም ባልተገኘበት ቀን ጎሳሚው ፈጽሞ ዝም አይልም፤ ሰው ልብ በማይለው ድምፅ ቀስ እያለ መታ መታ ያደርጋል። አጠገቡ አንድ ዘበኛ ይቆማል። የዘበኛው ሥራ ጎሳሚው እንዳያበዛ ክንዱን መያዝ ነው።

አንድ ቀን እረኛ ልጅ የጠፋች ፍየል ሲፈልግ ገደል ወርዶ ከዋሻ ውስጥ ማር አገኘ። በዚያ ገደል ማር አለ ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ነጋሪቱ አገሩን አናወጠው። በማግሥቱም ልጁ ከገደሉ ማዶ መለከት ነፍቶ ማሩን ይዞ መጣ፤ ነጋሪቱ ተጎሰመ። በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ። እየዋለ እያደረ ግን ነገሩ ተለወጠ። ጎሳሚው ማሩ ሲደርስ ዘንጉን አያነሣም፤ ገና የመለከቱ ድምፅ ሲሰማ ነው የሚጎስመው። ማሩ ያው ማር ነው፣ ጣዕሙም አልቀነሰም፤ የሚታወቅ ነገር ግን አዋጅ አያሻውም። አንድ ቀን ታዲያ መለከቱ ተነፋ፣ ሕዝቡ ወጣ፣ ልጁ ባዶ እጁን መጣ። ያን ጊዜ ጎሳሚው የዘወትሯን ቀስታ ምት እንኳ አቆመ። ሕዝቡም አዝኖ ወደየቤቱ ገባ።

ይህንን ጎሳሚ ቮልፍራም ሹልትዝ የተባለ ተመራማሪ በስዊዘርላንድ፣ በፍሪቡርግ ዩኒቨርሲቲ፣ ከጦጣዎች አንጎል ውስጥ አግኝቶታል። በአንጎል መሃል ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚረጩ ሕዋሳት አሉ። ለጦጣዎቹ የፍራፍሬ ጭማቂ ጠብ ሲደረግላቸው እነዚህ ሕዋሳት መጀመሪያ ለጭማቂው ነቁ። ጭማቂው ከመምጣቱ በፊት የሚበራውን መብራት ከለመዱ በኋላ ግን የሚነቁት ለመብራቱ ሆነ። መብራቱ በርቶ ጭማቂው ሲቀር፣ ጭማቂው መምጣት በነበረበት ቅጽበት ጸጥ አሉ። ሹልትዝ ከባልደረቦቹ ጋር ይህንን የተነተነበት ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1997 ታትሟል። እኛም በራሳችን ውስጥ የምንሸከመው ይህንኑ ጎሳሚ ነው።

ሥርዓቱ አገሩን ለብዙ ዘመን መገበው። አዲስ ምንጭ፣ የጎረቤት ሰርግ፣ ከስደት የተመለሰ ልጅ፣ ሁሉም በነጋሪቱ ታወቀ። ከዚያ ሦስት ነጋዴዎች መጡ።

የመጀመሪያው በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ እርጥብ እስር ቃጭል ባንጠለጠለች በቅሎ ጭኖ ነበር። ማር አላመጣም። በጎሳሚው ኋላ ቆሞ ክንዱን እየገፋ አስጎሰመው። ሁለተኛው ጎሳሚውን አልነካም፤ ዘበኛውን የሚያስተኛ ነገር አጠጣውና ክንዱን የሚይዝ ጠፋ። ሦስተኛው ሁለቱንም ትቶ ድምፁ የሚወጣበትን የተራሮቹን በር ዘጋ፤ አንድ ጊዜ የተመታው ምት እዚያው እያስተጋባ ቀረ።

የመጀመሪያውን በአገራችን የማያውቀው የለም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን እ.ኤ.አ. በ1975 ተለይቶ የታወቀ ሲሆን፣ አሠራሩ እንደ አምፌታሚን ነው፤ ዶፓሚንን ከሕዋሱ ገፍቶ ያስወጣዋል። ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ ካቲኖኑ ቶሎ ስለሚደክም ነው ከአወዳይ የሚነሣው መኪና እንደዚያ የሚበረው፣ እስሩም በቅጠል ተሸፍኖ እርጥበቱ የሚጠበቀው። ሁለተኛው ነጋዴ ሄሮይንና ሞርፊን ነው፤ ዶፓሚን ረጪዎቹን የሚገቱትን ሕዋሳት ያስተኛል። ሦስተኛው ኮኬይን ነው፤ የተረጨው ዶፓሚን ወደ ሕዋሱ የሚመለስበትን በር ይዘጋል። ጫትና ሄሮይን እኩል ናቸው ማለቴ አይደለም፤ የግፊታቸው ኃይል እጅግ ይለያያል። የሚገቡበት በር ይለያይ እንጂ የሚያስጎስሙት ነጋሪት ግን አንድ ነው።

ሕዝቡ ድምፁን ሰምቶ ወጣ። የተገኘ ማር አልነበረም። ነጋሪቱ ዋሽቶ ስለማያውቅ ግን ሁሉም ወደ ነጋዴዎቹ ድንኳን የሚወስደውን መንገድ በልቡ ያዘ። ማር ሲለመድ ነጋሪቱ ይረጋ ነበር፤ የሚገፋ ክንድ ግን መርጋትን አያውቅም። በየሌሊቱ «ካሰባችሁት የበለጠ ተገኘ!» እያለ ያውጃል፣ ሕዝቡም በየሌሊቱ ያምናል።

ጩኸቱ ሲበዛ ሰዎቹ ጆሯቸውን በጥጥ ደፈኑ። ከዚያ ወዲያ ጥጡን አልፎ የሚሰማቸው የነጋዴዎቹ ምት ብቻ ሆነ። አንዲት እናት ነበረች፤ ለዓመታት በስደት የቆየ ልጇ ከደጃፏ ቆሞ «እማዬ!» አላት። ቀና ብላ አየችውና «ግባ» አለችው። ከምጣዷ አልተነሣችም፤ እጇን እንኳ አልጠረገችም። ልጁ ሻንጣውን እንዳንጠለጠለ መሃል ቤት ቆሞ ቀረ። እናትየው ልጇን መጥላቷ አልነበረም። ነጋሪቱ ለልጇ ሲጎሰም አልሰማችውም እንጂ።

ይህም በሐኪም መሣሪያ ታይቷል። ተመራማሪዋ ኖራ ቮልኮውና ባልደረቦቿ ኮኬይን ያዘወተሩ ሰዎችን አንጎል በምስል ሲመረምሩ፣ ዲ2 የሚባሉት የዶፓሚን ተቀባዮች ከሌላው ሰው አንሰው አግኝተዋቸዋል። ቤተሰብ «ልቡ ደነደነ» የሚለው ሰው፣ ብዙ ጊዜ ጆሮው በጥጥ የተደፈነ ሰው ነው።

ንጉሡ ነገሩን ሰምተው ጎሳሚውን አስጠሩት።

«ሕዝቤ እርሻውን ትቶ ድንኳን ለድንኳን ይዞራል። ምን ዓይነት ደስታ ብታበላው ነው?»

«ሺህ ዓመት ያንግሥዎት ጃንሆይ፤ እኔ ደስታ አብልቼ አላውቅም። እኔ ‹ሂዱ› ነው የምለው። ማሩን የሚያጣፍጠው ሌላ ነው።»

«እንግዲያ ካልጣፈጣቸው ለምን ይሄዳሉ?»

«መጀመሪያ ሰሞን ጣፍጧቸው ነበር። አሁን የሚወስዳቸው ምቱ ነው። ያስጠሯቸውና ይጠይቋቸው፤ ሲሄዱ ይቸኩላሉ፣ ሲመለሱ ይተክዛሉ።»

ሳይንስ ይህንን የጎሳሚውን ቃል ለመቀበል ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1954 ጄምስ ኦልድስና ፒተር ሚልነር በሞንትሪያል፣ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ፣ በአይጦች አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገብተው፣ አይጧ ዘንግ በተጫነች ቁጥር ትንሽ ኤሌክትሪክ እንዲደርሳት አደረጉ። ከዚያ በኋላ በተደረጉት ሙከራዎች በሰዓት ከ2,000 ጊዜ በላይ ዘንጉን የተጫኑ አይጦች ታዩ። የደስታ መንደር ተገኘ ተባለ። በኋላ ግን በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ኬንት ቤሪጅና ባልደረቦቹ ዶፓሚናቸው የጠፋ አይጦችን አጠኑ። እነዚያ አይጦች ምግብ ከአፍንጫቸው ሥር ተቀምጦ በራሳቸው አይበሉም። የስኳር ውኃ አፋቸው ውስጥ ጠብ ሲደረግላቸው ግን ጣፍጧቸው ከንፈራቸውን ይልሳሉ። ጣዕሙ አለ፤ የጠፋው ወደ ምግቡ የሚያስነሣቸው ነገር ነው። በሱስ በተያዘ ሰው ላይ የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ ጣዕሙ እየሄደ መነሣቱ ይበረታል። ለዓመታት የቃመን ሰው ብትጠይቁት ከምርቃናው ይልቅ የሚነግራችሁ ስለ ሐራራው ነው።

ንጉሡ ግን የጎሳሚውን ቃል አልተቀበሉም። ነጋዴዎቹን አባረሩ፤ ወደ ድንኳኑ ሲመላለስ የነበረ አንድ ገበሬም በአደባባይ እንዲገረፍ አዘዙ። ገበሬው ተገርፎ፣ «ሁለተኛ አልደግመውም» ብሎ ምሎ ወደ ቤቱ ሄደ። መሐላው እውነተኛ ነበር። ወራት አለፉ። አንድ ማለዳ ጨው የጫነች የማንም መንገደኛ በቅሎ ቃጭሏን እያቃጨለች በደጁ ስታልፍ ነጋሪቱ ተጎሰመ፤ ገበሬው ሞፈሩን ጥሎ ድንኳኑ ወደነበረበት ሜዳ ሲሮጥ ታየ። ሜዳው ባዶ ነበር። ሰዉ ሳቀበት። ጎሳሚው ግን አልሳቀም።

«ጃንሆይ፣ ጅራፉ የሚያርፈው ጀርባው ላይ ነው፤ መንገዱ ያለው ደግሞ ልቡ ውስጥ ነው። ይልቅ ቃጭል ከማይሰማበት ያሳድሩት፤ ከሰው ጋር ያውሉት። ዘበኛው ይንቃ፣ ጥጡም ቀስ እያለ ይውጣ። ጊዜ ይስጡት።»

ንጉሡም በዚህ ጊዜ ምክሩን ሰምተው ገበሬውን ከወንዝ ማዶ ካሉ ዘመዶቹ ዘንድ ሰደዱት። እዚያ በቅሎ አያልፍም፤ ደቦ አለ፣ ሰንበቴ አለ፣ ማታ ማታ ደጅ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው አለ። መጀመሪያ ሰሞን ምንም አልጣመውም፤ ሁለት ጊዜም ሌሊት ሾልኮ ወንዙን ተሻግሯል። ዘመዶቹ ሁለቱንም ጊዜ ሄደው ይዘውት ተመለሱ፤ አልሰደቡትም።

ለጎሳሚው ምክር ምስክሩ የቬትናም ጦርነት ነው። የአሜሪካዊቷ የሊ ሮቢንስ ጥናት እንዳሳየው፣ እዚያ ከዘመቱት ተራ ወታደሮች ከ5 አንዱ ያህል በሄሮይን ሱስ ተይዞ ነበር። አገራቸው በተመለሱ በመጀመሪያው ዓመት ግን ከእነዚያ መካከል እንደገና በሱስ የተያዙት ከ20 አንዱ ያህል ብቻ ናቸው። ቃጭሉ ማዶ ቀርቷል፤ የጠበቃቸው ቤት፣ ሥራና ዘመድ ነው። ሁሉም ሱሰኛ አገር በመለወጥ ይድናል አልልም፤ ሕክምና የሚያሻው ብዙ ነው። ሱስ የባለጌነት ማስረጃ ነው የሚለው ፍርዳችን ግን ከዚህ በኋላ የሚቆምበት እግር የለውም።

ለፈተና ብሎ ጀምሮ ዛሬ ያለ በርጫ መዋል ያቃተው ልጅ በቤታችሁ ካለ፣ አታዋርዱት። ምን ሰዓት፣ በየት በኩል፣ ከማን ጋር ሲሆን እንደሚጠራው ጠይቁትና በዚያ ሰዓት አብራችሁት ዋሉ። ከአቅማችሁ በላይ ከሆነም ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ በአዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ለሱስ ሕክምና ይሰጣል። ቢወድቅ እንደገና ውሰዱት።