በደከመ ድንጋይ የተቀዳ ድምፅ

የባትሪ ድንጋይ ሲደክም ቴፕ ምን እንደሚያደርግ ትልልቆቹን ጠይቋቸው። ዘፋኙ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ቃላቱን መጎተት ይጀምራል፤ ሴቷ የወንድ ድምፅ ታወጣለች። ያኔ ድንጋዩ ይወጣና ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሞቅ ሲለው ለአንድ ሁለት ዘፈን ነፍስ ይዘራል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው የተገላቢጦሹን ነው፤ በደከመ ድንጋይ የተቀዳ ካሴት በደህና ቴፕ ሲከፈት ይፈጥናል፣ ይቀጥናል። በእርጋታ የተነገረው ነገር የጥድፊያ ወሬ ይመስላል።

እኔ አሮጌ ቴፖችን እጠግናለሁ። እንጀራዬ አይደለም፣ ግን ቅዳሜዬን ይበላል። በብዛት የሚመጡልኝ ባለ እጀታዎቹ ስቴሪዮዎች ናቸው፤ ሰው ከጅዳ ወይም ከቤይሩት ሲመለስ ይዟቸው የሚገባ፣ ሳሎን ውስጥ ዳንቴል ይለብሱ የነበሩት። ችግራቸው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ውስጥ ያለው ቺንጋ ጎማ ስለሆነ ሲያረጅ ወይ ይላላል፣ ወይ እንደ ሬንጅ ቀልጦ ፑሊው ላይ ይለጠፋል። ያንን ጠርጎ፣ በአልኮል አጥቦ፣ አዲስ ማሰር ነው። ከዚያ ሄዱን ማጽዳት፣ ያበጠ ካፓሲተር ካለ መቀየር።

ፍልስፍና የሚወድ ጓደኛ ሁሉ እዚህ ጋ ሲደርስ "ዕቃው ሁሉ ከተቀየረ ያው ቴፕ ነው ወይ?" ይለኛል። ሳንቃው አንድ በአንድ ስለተቀየረው መርከብ ማለቱ ነው። እውነቱን ለመናገር ይሄ ጥያቄ አንድም ቀን እንቅልፍ ነስቶኝ አያውቅም። ቺንጋ እንዲያልቅና እንዲቀየር የተሠራ ነገር ነው። የቴፑን ሆድ ዕቃ አውጥተው ብሉቱዝ በሚገጥሙት ሰዎች ላይ እንኳ ብዙ አልፈርድም። (ትንሽ እፈርዳለሁ።) እኔን የያዘኝ ሌላ ነው፤ ቴፕ "ተሠራ" የሚባለው ለማን ታማኝ ሲሆን ነው?

የተለመደው መልስ ቁጥር ነው፤ 4.76። ፊሊፕስ ካሴትን እ.ኤ.አ. በ1963 በርሊን ላይ ለሕዝብ ሲያሳይ ሪባኑ በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር እንዲሄድ አድርጎ ነበር የሠራው። ሌሎች አምራቾችም ያለ ክፍያ እንዲሠሩት ስለፈቀደ ያ ልክ የዓለም ልክ ሆነ። መርካቶ የተገለበጠ ካሴት ጃፓን በተሠራ ቴፕም፣ ዋሽንግተን ባለ መኪና ውስጥም አንድ ዓይነት የሚሰማው በዚህ ነው። በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል የተገባ ቃል ነው ማለት ትችላላችሁ። አዲስ ቺንጋ ካሰርኩ በኋላ የማደርገውም ያንን ቃል ማስጠበቅ ነው። 3,000 ሄርትዝ ድምፅ የተቀዳበት የመለኪያ ካሴት እከትና ስልኬ ላይ አነባለሁ። 2,820 ካለኝ 6 በመቶ ይዘገያል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ ወደ ጎረቤቱ የመውረድ ያህል ነው። ሞተሩ ጀርባ ባለችው ቀዳዳ ቀጭን ካቻቪቴ አስገብቶ ጥቂት ማዞር፤ አለቀ።

አንድ ወንድምና እህት ያመጡት ሻርፕ ነው ነገሩን ያወሳሰበው። እህትየው ጅዳ ሠርታ ስትመለስ አሠሪዎቿ የሰጧት ያገለገለ ቴፕ ነው። ከሱ ጋር አንድ ካሴት አለ። እናቷ ከገጠር የላኩላት "ደብዳቤ" ነው፤ መብራት በሌለበት፣ በጎረቤት ትንሽ ቴፕ፣ በድንጋይ የተቀዳ። ላኩላት፣ በዓመቱ አረፉ። ወንድምየው ያኔ ሁለት ዓመቱ ነበር። እናቱን ያወቀው በዚያ ካሴት ነው።

ሻርፑ ሲመጣም ቺንጋው ላልቶ ይጎተት ነበር። በዝግታ የተቀዳ ድምፅ በሚዘገይ ቴፕ ሲሰማ ሁለቱ ስህተቶች ተጣፉ፣ እናትየውም እንደ ሰው ተናገሩ። ከብዙ ዓመት በኋላ ቺንጋው ተበጠሰ፣ እኔ ዘንድ መጣ፣ በልኩ ሠራሁት። ካሴቱን ስንከፍት ከስፒከሩ የወጣችው ድምፀ ቀጭን፣ የምትጣደፍ ልጅ ነገር ናት። ወንድምየው ዝም ብሎ ሲሰማ ቆየና "ይቺ እማዬ አይደለችም" አለ።

መለኪያዬ ልክ ነበር። እሱም ልክ ነበር።

መጀመሪያ ያሰብኩት እውነተኛውን ፍጥነት መፈለግ ነው። ቀረጻው በመብራት ቢሆን ተስፋ ነበረኝ፤ የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ሄርትዝ ነው፣ ጉርምርምታው አንዳንዴ ካሴቱ ላይ ይቀራል፣ 53 ሆኖ ከተሰማ የፈጠነውን ያህል ትመልሱታላችሁ። በድንጋይ የተቀዳ ግን እንዲህ ያለ ምስክር የለውም። ጭራሽ ድንጋዩ እየቀዳ ሳለ እየደከመ ሄዷል፤ ሰላምታው ላይ ትንሽ የፈጠነው ድምፅ ስንብቱ ላይ የወፍ ጫጫታ ሊሆን ምንም አልቀረው። አንድ ትክክለኛ ፍጥነት የሚባል ነገር ካሴቱ ውስጥ የለም።

የቀረው ምስክር ሰው ነው። "እትዬ፣ ድምፃቸው እንዴት ነበር?" አልኳት እህትየውን። ሞተሩን ቀስ እያልኩ ዝቅ አደረግሁላት። "ገና ነው፣ ዝቅ አድርገው" እያለች ልጁ ከሚያውቀው ድምፅ በታች ወሰደችኝ። እዚያ ስንደርስ አለቀሰች። ለወንድምየው ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ የምትናገረው የማያውቃት ሴትዮ ነበረች።

ብዙዎቻችሁ እውነቱ የእህትየው ነው እንደምትሉ እገምታለሁ፤ በአካል ሰምታቸዋለች። ግን የሠላሳ ዓመት ትዝታ ከሠላሳ ዓመት ጎማ የተሻለ ልኩን ይጠብቃል ብዬ አልምልም። ደግሞም የልጁ ጥያቄ ሌላ ነው። እሱ "እናቴ እንዲህ ነበረች" አላለም፤ "እኔ የማውቃት ያቺን ነው" ነው ያለው። ካሴቱ ላይ "ታናሽሽን አደራ" ብለው ስሙን የሚጠሩበት ቦታ አለ። ስሙን በእናት አፍ የሰማው በዚያ ፍጥነት ብቻ ነው። "አስተካክዬ" ስሰጠው ስህተት አላረምኩለትም፤ ያለችውን አንዲት እናት ነው የምወስድበት።

ኮምፒውተር ላይ ገልብጠህ ለየሰዉ የሚመቸውን ስጥ የምትሉኝ አላችሁ። አድርጌዋለሁ፤ የእህትየው ቅጂ ስልኳ ላይ አለ። ወንድምየው ፋይል አልፈለገም። ቁልፉ ሲጫን "ቋ" የሚለውን፣ ከዚያ ሽሽታውን፣ ከዚያ እሷን ነው የፈለገው።

ቴፑን እንዲጎተት አድርጌ መለስኩለት፤ 7 በመቶ ያህል። ለጠጋኝ ነውር ነው የሚል ይኖራል፣ ይበል። እኔን ያሳሰበኝ ቀጣዩ ሰው ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ ይሄንን ሻርፕ የሚከፍት ጠጋኝ ዝግታውን ብልሽት ነው ብሎ ያስተካክለዋል። ስለዚህ ልኩ የሚመጣበትን ቦታ በነጭ ቀለም ነጥቤ፣ ክዳኑ ውስጥ ወረቀት ለጠፍኩ፤ "የዘገየው ሆን ተብሎ ነው። ባለቤቶቹን ሳትጠይቅ አትንካ።"

እህትየው አልተከራከረችም። "ለሱ ይሁንለት፤ እኔ አውቃታለሁ" አለች።

ችግሩ የእሷ የዘፈን ካሴቶች ናቸው። አንድ ካርቶን ሙሉ ናቸው፣ በዚያ ሻርፕ ሲከፈቱ ዘፋኞቹን ሁሉ እንቅልፍ ይይዛቸዋል። ለእሷ ሌላ እያፈላለግሁ ነው፤ ትንሽም ብትሆን ግድ የለም፣ ሄዷ ያልተበላ ብቻ።