ባዶው ቀለህ

ዛሬ የሲ.ኤም.ሲ ሕንፃዎች የቆሙበት ሜዳ ከብት በሚሰማራበት፣ የዓድዋ ወሬ ገና ከሰው አፍ ባልጠፋበት ዘመን፣ በየካ ተራራ ሥር አንድ ስመ ጥር አዳኝ ነበር። ጎሽ ፍለጋ እስከ ጊቤ ቆላ ይወርድ ነበር። ካረጀ በኋላ ሁለት የእህቱ ልጆች መጡና «ጋሼ፣ ጎሽ መግደል አምሮናል፤ ጠመንጃ ያስመርጡን» አሉት።

ሽማግሌው ሁለት ጠመንጃ አወጣ። አንዱ ጥይቱ አውራ ጣት የሚያህል የዝሆን ጠመንጃ ነው። ሁለተኛው ባለ 8 ሚሊ ሜትሩ ለበን ነው። ታላቁ ሳያመነታ ትልቁን አነሳ፤ ታናሹ የተረፈውን ወሰደ።

ከግንድ ላይ መዳፍ የምታህል ቆዳ ሰቀለላቸውና ሦስት ሦስት ጥይት ተኮሱ። የታላቁ የመጀመሪያ ጥይት ቆዳዋን መታ፤ ሰደፉም የእሱን ትከሻ መታ። ሁለተኛው ጥይት ከቆዳዋ በታች አረፈ፤ ሦስተኛው ግንዱንም ሳተ። ታናሹ ሦስቱንም ቆዳዋ ላይ አሳረፈ።

«ይሄ ጠመንጃ አያነጣጥርም» አለ ታላቁ።

«እስቲ ወዲህ በለው።» ሽማግሌው ጀርባውን ሰጥቶ አጎረሰና መለሰለት። ልጁ አነጣጥሮ ቃታውን ሳበ። ቀጭ አለ እንጂ አልጮኸም፤ የጎረሰው ባዶ ቀለህ ኖሯል። አፈሙዙ ግን ስንዝር ያህል ወደ መሬት ተደፍቶ፣ የልጁም ዓይን ተጨፍኖ ነበር።

«ባሩድ የለም፤ ድምፅ የለም። ታዲያ አፈሙዙን ማን ደፋው?»

ልጁ መልስ አጣ። ታናሹም በለበኑ እንዲሁ ተፈተነ፤ አፈሙዙ ንቅንቅ አላለም።

«ጋሼ፣ ጎሽ እኮ በትንሽ ጥይት አይወድቅም» አለ ታላቁ።

«እውነትህን ነው፤ ለጎሽ ትልቁ ይሻላል። ትልቁም ቢሆን የሚጥለው ቦታውን ካገኘ ነው።»

ነገሩ ለታላቁ አልተዋጠለትም። በማግስቱ የዝሆኑን ጠመንጃ ይዞ ጫካ ገባ፤ ድኩላ አይቶ ተኮሰ። ጥይቱ ልቡን ስቶ ሆዱን መታው፤ ድኩላው ደሙን እያንጠባጠበ ገደል ገባ። ሽማግሌው ይህን ሲሰማ አልተቆጣም። «ተነሥ፤ ያቆሰልከውን ሳትጨርስ እህል አትቀምስም» አለና በደሙ ዱካ መራው። ያገኙት ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ነፍሱ ገና አልወጣችም ነበር። ልጁ ጨረሰው፤ ቤት ሲመለሱም ለበኑን በገዛ አፉ ጠየቀ። ትልቁን ዳግመኛ ያነሳው ከዓመት በኋላ፣ ባዶው ቀለህ አፈሙዙን መድፋት ሲያቅተው ነው።

ምሳሌው ዛሬ የመጀመሪያ የአደን ጠመንጃውን ለሚመርጥ ሰው ነው። ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ አውጥቶ ለደጋ አጋዘን ወደ አርሲ ወይም ባሌ ሊወጣ የሚያስብ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ይበልጥ ኃይል አለው?» ብሎ ነው። ኃይሉ ግን ወደ ፊት ብቻ አይሄድም። እ.ኤ.አ. በ1906 የወጣው 30-06 በተለመደው ልኩ 11.7 ግራም ጥይት ይተኩሳል። በ1912 የወጣው 375 ማግነም 19.4 ግራም ይተኩሳል፤ ትከሻን የሚመታበት ኃይልም የ30-06ን እጥፍ ያህላል። ባለ 32 ግራሙ 458 ዊንቸስተር ማግነም ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ይህን ምት የፈራ ሰውነት ጥይቱ ሳይወጣ ይሸሻል፤ ሰውየው ራሱ አያውቀውም።

እስከ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የዘለቀው ስኮትላንዳዊው የዝሆን አዳኝ ዋልተር ቤል ብዙዎቹን ዝሆኖች የጣለው በ7 ሚሊ ሜትር ማውዘር ነው። የዝሆንን አንጎል ከየትኛውም አቅጣጫ የት እንዳለ ያውቅ ነበር፤ እጁም አይንቀጠቀጥም። እንደ እሱ የሚተኩስ ጥቂት ስለሆነ ግን በርካታ የአፍሪካ አገሮች ለዝሆንና ለጎሽ ከ375 በታች አይፈቅዱም፤ ትክክልም ናቸው።

ስለዚህ ጀማሪ 7 ሚሊ ሜትር ማውዘር ወይም 30-06 ይያዝ። ደኅና ጥይት ከተመረጠለትና ከቦታው ካረፈ፣ እስከ 300 ኪሎ ለሚመዝነው ወንድ ደጋ አጋዘንም ይበቃል። ጎሽ ያማረው 375 ይግዛ፤ አስቀድሞ ግን በትንሹ ብዙ ይተኩስ፣ በትልቁም ዓይኑን ሳይጨፍን ቃታ መሳብ ይልመድ። ጠመንጃ ስንመርጥ የምንመርጠው ለትከሻችንና ለክብራችን ብቻ አይደለም። በዚያ ጠመንጃ የሚመታው እንስሳ በምርጫው ቃል የለውም፤ ከእኛ የሚገባው ፈጣን ሞት ነው። ያንን ሊሰጠው የማይችል አዳኝ፣ እስኪችል ድረስ ከኢላማው ፊት ይቆይ።