የተዋናይ እንባ የማን ነው?

በአማርኛችን «ማስመሰል» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። ሠዓሊ የአንድን ሰው መልክ አጥርቶ ሲያወጣ አስመሰለው ተብሎ ይደነቃል፤ በልቡ የሌለውን በፊቱ የሚያሳይ ሰው ግን አስመሳይ ተብሎ ይነቀፋል። ትወና ሊማር ኮሌጅ የገባ ወጣት በመጀመሪያው ቀን በባዶው ወለል ላይ ሲቆም፣ ከሁለቱ በየትኛው ማስመሰል ሊሠለጥን እንደመጣ ገና አልለየም።

ይዞት የሚመጣው እምነት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም ትወና ስሜትን ማሳየት ነው የሚል ነው። ተቆጣ ሲሉት ዓይኑን ያፈጣል፤ እዘን ሲሉት ራሱን በሁለት እጁ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1898 የሞስኮን የኪነ ጥበብ ቲያትር ከኔሚሮቪች ዳንቼንኮ ጋር የመሠረተው ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ ይህን እምነት ከሥሩ ለመንቀል አንድ ታሪክ ይተርካል። አንዲት ጀማሪ ተማሪ በመጋረጃ እጥፋት ውስጥ የተሰካ ጌጥ እንድትፈልግ ትታዘዛለች፤ ጌጡን ካጣች ከትምህርት ቤቱ የምትባረር ድሀ ልጅ እንደሆነች አድርጋ ትሠራ ዘንድ ነው። ልጅቱ ወደ መድረክ ሮጣ ትወጣለች፤ ራሷን ትይዛለች፤ መጋረጃውን ትጨብጣለች፤ ትወራጫለች፤ በሠራችውም ረክታ ትወርዳለች። መምህሩም ጌጡ የት አለ ብሎ ይጠይቃታል። ለካስ መፈለጉን ጨርሳ ረስታው ኖሯል! ካላገኘሽው በእርግጥ ትባረሪያለሽ ባላት ጊዜ ግን ተመልሳ እጥፋቱን አንድ በአንድ ትገላልጥ ጀመር። ተመልካቹን የያዘው ይህ ሁለተኛው ነበር። የጀማሪዎች ክፍል ዋና ትምህርት በዚህ ታሪክ ውስጥ ይገኛል ቢባል ማጋነን አይሆንም። አተነፋፈሱ፣ የድምፅ ልምምዱ፣ የሰውነት እንቅስቃሴው፣ ማን ነኝ፣ የት ነኝ፣ ምን እፈልጋለሁ የሚለው ጥያቄ ሁሉ ተማሪውን ከመታየት ወደ መሥራት ለማሻገር የተዘጋጀ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ስታኒስላቭስኪ ከፈረንሳዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ከሪቦ የተዋሰው «የስሜት ትዝታ» የተባለ ሐሳብ አለ። ተዋናዩ የገጸ ባሕርዩን ኀዘን ለመግለጥ በራሱ ሕይወት የደረሰበትን ኀዘን ይቀሰቅሳል ማለት ነው። ይህ ጸሐፊ ከዓመታት በፊት በአንድ ኮሌጅ የጀማሪዎች ክፍል ተቀምጦ የታዘበው ከዚሁ የሚያያዝ ነው። መምህሩ አንዱን ወጣት ወደ መሐል ጠርቶ የእናቱን የቀብር ቀን እንዲያስታውስ አዘዘው። ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና ተንሰቅስቆ አለቀሰ፤ ክፍሉም አጨበጨበለት። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ያንኑ ድገም ተባለ፤ ደገመው። ሦስተኛ ጊዜም ደገመው። በአራተኛው እንባው አልመጣ አለ። ወደ መቀመጫው ሲመለስ አጠገቡ ለነበርነው በዝግታ «እናቴን ጨረስኳት» አለን።

ታዲያ መምህሩ ይህን የመጠየቅ መብት ነበረውን? የሚከራከሩለት አሉ፤ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። ከራሱ ያልከፈለ ተዋናይ የሌላውን ኀዘን ከውጭ ይቀዳል እንጂ አይኖረውም ይላሉ። እውነትም በየመድረኩ በሽንኩርት የመጣ የሚመስል እንባ አይተን ተሰላችተናል። በሌላው ዳር የቆመው ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዲድሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1830 ከሞተ በኋላ በታተመው ስለ ተዋናይ በጻፈው ክርክሩ፣ ታላቅ ተዋናይ በቀዝቃዛ አእምሮ ራሱን እየተመለከተ የሚሠራ ነው፤ የሚያለቅሰው ተመልካቹ ነው ይላል። እኔ ዲድሮን ሙሉ በሙሉ አልከተለውም። ነገር ግን ልጁ «ጨረስኳት» ያለ ዕለት ዲድሮ ቢሰማው ኖሮ ራሱን የሚነቀንቅ ይመስለኛል።

ለዚህ ጥያቄ የኛው አልቃሽ ከሁለቱም ይልቅ የምታስረዳን ይመስለኛል። ሙሾ አውራጇ ብዙ ጊዜ ለሟቹ ዘመድ አይደለችም። ስሙን፣ አገሩን፣ ሙያውን ጠይቃ ትረዳለች፤ ግጥሙን ትደረድራለች፤ ድምፅዋን ታወጣለች፤ ለቀስተኛውም ይነሣል። አስመሳይ ነሽ የሚላት የለም። ከለቀስተኛው መካከል ብዙው በሰው ኀዘን ላይ የራሱን ሙት እንደሚያለቅስ የታወቀ ነው። ማንም ግን «እናትህን አስብና አልቅስ» ብሎ አያዝዘውም። ሙቱ ሳይጠራ ይመጣል፤ ካልመጣም አይወቀስም። በመጋበዝና በማዘዝ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው፤ የጀማሪው ክፍልም የሚስተው ይህንኑ ነው። ተማሪው ውጤቱን ከሚሰጠው መምህር ፊት ቆሞ እንቢ ለማለት ምን አቅም አለው?

ጉዳዩ ሌሎችንም አከራክሯል። በኒው ዮርክ ግሩፕ ቲያትር የተባለው ቡድን አሠልጣኝ ሊ ስትራስበርግ የስሜት ትዝታን የሥልጠናው ምሰሶ አደረገው። ሆኖም ተዋናዩ ቢያንስ ሰባት ዓመት ያለፈውን ትዝታ እንዲመርጥ ይመክር ነበር። (የኛም ሰው ተዝካሩን እስከ ሰባት ዓመት ያደርሳል፤ ኀዘን የሚበርድበት ዘመን እንዳለው ሁለቱም ያወቁ ይመስላል።) የዚያው ቡድን ተዋናይት ስቴላ አድለር ግን እ.ኤ.አ. በ1934 ፓሪስ ላይ ከስታኒስላቭስኪ ጋር ለሳምንታት ሠርታ ስትመለስ፣ ሊቁ ራሱ በተውኔቱ ሁኔታና በተዋናዩ ድርጊት ላይ ማተኮሩን ለባልደረቦቿ ነገረች። ስትራስበርግ አልተቀበላትም፤ ክርክሩም በአሜሪካ የትወና ክፍሎች ለብዙ ዘመን ቀጠለ።

በኔ አስተያየት ጀማሪ ተማሪ ለመምህሩ ሊሰጠው የሚገባው ሥራውን ነው፤ ትኩረቱን፣ ጆሮውን፣ እጁን፣ ሰዓት ማክበሩን። ምስጢሩ የራሱ ነው። ሟች ደግሞ ከዚህም በላይ ነው፤ ፈቃዱን የሚጠይቀው ሰው የለምና።

ያ ወጣት በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ከሌላ መምህርት ዘንድ ደረሰ። የተሰጠው ትዕይንት እንደ አጋጣሚ ከቀብር የተመለሰ ልጅ ነበር። መምህርቷ ስለ እናቱ አንድም ቃል አልጠየቀችውም፤ አንድ ነጠላ ሰጥታ አጥፈህ ሣጥን ውስጥ አስቀምጠው አለችው። ልጁ ነጠላውን አጠፈው፤ ጥለቱ ከጥለቱ አልገጠመለትም። ዘረጋው፤ እንደገና ጥለቱን በጥለቱ ላይ አስተካክሎ አጠፈው። ሣጥኑን ከከፈተ በኋላ ነጠላውን ሳያስገባ ረዘም ላለ ጊዜ በክንዱ ላይ አኖረው። አላለቀሰም። በዚያን ዕለት ያጨበጨበ አልነበረም፤ ከፊት ረድፍ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ መልሳ ነበር።